በማንኛውም ምክንያት

መጋቢት 8
ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ ስልክ ጮኸ። ጥሪው ዶሮ ነው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የማን ነው አልኩ። ሃምሳ ሁለት ተማሪ፣ አንድም አፍ የለም። ወደ ሰሌዳው ስዞር ዶሮው ደገመ።
ሃያ ሦስት ዓመት ሒሳብ ያስተማርኩት ለዚህ ነው?
ቤት ገብቼ ለባለቤቴ ነገርኳት። "ሰዓቱን ጠብቆ ነው የጮኸው?" አለችኝ። አልሳቅኩም።

መጋቢት 11
ስብሰባ። ስልክ ይከልከል አልኩ። ርዕሰ መምህሩ፣ "እንግዲያው አንተው አርቅቀው።" አፍ ሲከፈት ሥራ ይገባበታል... አረቀቅኩ። "ማንም ሰው፣ በማንኛውም ምክንያት፣ ስልክ ይዞ ወደ ክፍል መግባት አይችልም።"
የቋንቋ አስተማሪዋ መነጽሯን አወረደች። "ማንም ሰው ስትል አስተማሪም ነው?"
"ማንም ሰው ማለት ማንም ሰው ነው።"
"ምክንያት እኮ ብዙ ነው።"
"ቀዳዳ ከተውን በዚያው ይሾልካሉ።"
ሁሉም እጁን አወጣ። እሷም፣ ዘግይታ። ጥሩ ጽሑፍ ነው። የሚቀነስ ቃል የለውም።

መጋቢት 19
ጸጥታ። ዘበኛው ስልኮቹን በር ላይ በካርቶን ይሰበስባል። "መምህር፣ ካርቶኑ ሲዘፍን ይውላል" አለኝ። ይዝፈን። እኛ ጋ አይምጣ እንጂ።

ሚያዝያ 2
የሙከራ ፈተና አረምኩ። ሬዲዮ ከሃያ፣ አራት።
ሬዲዮ ያሏት ልጆቹ ናቸው። ማየት አትችልም፤ የሰማችውን ግን ቃል በቃል ትደግማለች። ጥያቄውን የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛዋ ታነብላታለች፣ መልሱን በቃሏ ትሰጣለች። ባለፈው አሥራ ሰባት ነበራት። ጠርቼ ተቆጣኋት።
"ምን ነካሽ? ሰነፍሽ?"
"ስልኬ ካርቶን ውስጥ ነው፣ ቲቸር።"
"ስልክና ሒሳብን ምን አገናኛቸው?"
"ትምህርቱን የምቀዳው በሱ ነበር። መስከረም ላይ አስፈቅጄዎት ነበር። 'እንደፈለግሽ' አሉኝ።"
ብያለሁ? ሳልል አልቀርም...
ሌሎቹ ደብተር አላቸው። የሷን ደብተር ካርቶን ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። የዓመቱ ፈተና ሰኔ መግቢያ ላይ ነው። ሒሳብ ከወደቀች ክፍሉን ትደግማለች።

ሚያዝያ 3
ርዕሰ መምህሩ ቢሮ። ለሷ ይፈቀድላት አልኩ። መሳቢያውን ከፍቶ ወረቀቱን አወጣ።
"'በማንኛውም ምክንያት።' ማነው የጻፈው?"
"እኔ።"
"ለአንዷ ከፈቀድን ነገ ሃምሳው ዓይኔን አመመኝ ይላል።"
"እሷን እኮ ዓይኗን አላመማትም። አታይም።"
"አውቃለሁ። ግን የወላጆች ኮሚቴ ለዚህ ደንብ የምስጋና ደብዳቤ ጽፎልናል።" በአገጩ አሳየኝ። እውነትም ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት ውስጥ።
"ደንቡ ይሻሻል።"
"ይሻሻላል። በዓመቱ መጨረሻ ስብሰባ።"
ከፈተናው በኋላ ማለት ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ።
ንድድ ብሎኝ ወጣሁ። ያነደደኝ ምንድን ነው? አጣሞ ቢያነበው ጥሩ ነበር። አላጣመመም። እንደጻፍኩት ነው ያነበበው።

ሚያዝያ 4
ከትምህርት በኋላ በር ላይ ጠበቅኳት። ስልኳን ከካርቶኑ ተቀበለች። "እስቲ የቀዳሽውን አሰሚኝ" አልኳት። አጥሩ ሥር አግዳሚው ላይ ተቀመጥን። ጣቷ ይሮጣል፤ ስልኩ የነካችውን ሁሉ በጥድፊያ ያነብላታል። ከኅዳሩ አንዱን ከፈተች። የኔ ድምፅ። እንዲህ ነው እንዴ ድምፄ?
"እዚህ ጋ ቁጣ አለ፣ ስድስት ደቂቃ። እዘለዋለሁ።" ዘለለችው።
"ሁልጊዜ አለ?"
"ሰኞ ሰኞ ይረዝማል።"
ከዚያ ትምህርቱ። "ይቺን ከዚህ እናነሳና ወደዚህ እናመጣታለን። ስትመጣ ምን ትሆናለች? ይኸው። ገባችሁ?" ክፍሉ በአንድ ድምፅ፣ "አዎ።"
"ይቺ ማናት?" አልኩ።
"ጓደኛዬ ከደብተሯ ትነግረኛለች። እያቆምን፣ እያስቀጠልን... ያለ ቀረጻው ግን ከደብተሩ የቱ ጋ ምን እንዳሉ ማገናኘት አንችልም።"
ከመስከረም ጀምሮ "ይቺ" እና "ወደዚህ" ስሰጣት ኖሬያለሁ። አሥራ ሰባቱንም ያመጣችው እኔ እያለሁባት ነው። በዚያ ላይ ሰነፍሽ አልኳት።

ሚያዝያ 6
ስልኬን ኪሴ ከትቼ ገባሁ። ዘበኛው አየኝ።
"መምህር፣ ኪስዎ አብጧል።"
"አብጧል።"
"ካርቶኑ እዚህ ነው።"
"አይቼዋለሁ።"
ሁሉም እያየ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ መቅዳት ጀመርኩ። ከኋላ አንዱ፣ "ቲቸር፣ ዶሮ የለበትም?" ቁጣው መጣ። ስድስት ደቂቃዋን አስቤ ዋጥኩት።
"በግራ በኩል ሦስት ኤክስ ሲደመር አምስት አለ። በቀኝ በኩል ሃያ። ከሁለቱም ጎን አምስት እንቀንሳለን..." አፌ ተሳሰረ። ጀማሪ መሰልኩ። ሃያ ሦስት ዓመት በጣቴ ነው ለካ ያስተማርኩት።
መውጫው ላይ በብሉቱዝ ላኩላት። ዘበኛው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ።

ሚያዝያ 12
ከኋላ ወንበር አንዱ መጣ። ከካርቶኑ ያወጣው ስልክ እጁ ላይ ጮኸ፤ ባለ ዶሮው እሱ ነው ለካ።
"ቲቸር፣ ለኛም ይላኩልን። ከኋላ ሰሌዳው አይታየንም።"
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ከመስከረም።"
"ለምን አልተናገርክም?"
"ቁጣው ላይ ይጨመራል ብዬ።"
በማን ልናደድ? በሱ?

ሚያዝያ 17
ርዕሰ መምህሩ ሳያንኳኳ ክፍል ገባ። ስልኩን አየ። በዕረፍት ሰዓት የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ጠበቀኝ። "በአንቀጽ አራት መሠረት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ..." ያንንም አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ጥፋት ከክፍል ያሳግዳል።
"ስልክህን ካርቶን አስገባ። ደብዳቤውን እቀድደዋለሁ" አለ።
"እፈርማለሁ። ግን አንድ ነገር ጎድሎታል።"
"ምን?"
"ምክንያቱ።"
በእጄ ጨመርኩበት፦ "ማየት ለማትችል ተማሪ ትምህርት ሲቀዳ ስለተገኘ።" ፈረምኩ።
"ይሄንን እንዴት አድርጌ ፋይል ውስጥ ላስገባ?"
"ከከበደህ ከወላጆች ደብዳቤ ጎን ስቀለው። ነገም እቀዳለሁ።"
ወረቀቱን ገልብጦ አስቀመጠው።

ሚያዝያ 20
በር ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፏል። ለትምህርት ቀረጻ ተፈቅዷል። "በርዕሰ መምህሩ አነሳሽነት" ይላል። ስብሰባም አላስፈለገም ለካ። የሚያስፈልገው አንድ ልጥፍ ነበር፤ ሁለት ሳምንት ተኩል ፈጀ። እስከዚያ ልጅቷ በሌላው ትምህርት ሁሉ በባዶ እጇ ነበረች።
ማስጠንቀቂያዬስ አልኩት። "እሱ ፋይል ውስጥ ገብቷል" አለኝ።

ሰኔ 11
ውጤት ተለጠፈ። ሬዲዮ ሒሳብ ከመቶ ስልሳ ዘጠኝ። አለፈች። ባለ ዶሮውም በሁለት ነጥብ።
በር ላይ አገኘኋት። ስልኩ እጇ ላይ ነው።
"ቲቸር፣ የግንቦቱን ሰኞ ደጋግሜ ሰማሁት። ታመው ነበር?"
"ደህና ነበርኩ። ምነው?"
"የምዘለው አጣሁ።"