ምልክታችን መሰላል

ይድረስ ለካስዬ፣

ከተለያየን ሦስት ወር አለፈን። ለሟች ሰላምታ እንዴት እንደሚጻፍ አላውቅም። «እንደምን ከርመሃል» ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት፣ «ለጤናህ እንደምን አለህ» ብዬ ደግሞ በራሴ ሳቅሁ። እንግዲህ እንዲሁ ልጀምር። እኔ የሺ ነኝ፣ ሚስትህ። ደህና አይደለሁም።

የቤቱን ወሬ ላስቀድም። ማንጎው ዘንድሮ ቅርንጫፉ እስኪሰበር አፈራ፤ የሚለቅመው ጠፍቶ ከሥሩ በሰበሰ። ፍየሏ ሁለት ወልዳ አንዱ ሞተባት። በቆሎውን ከወንዙ ማዶ ያለው ዓሣ አጥማጅ ወዳጅህ ኦጁሉ ከልጆቹ ጋር መጥቶ አረመልኝ፣ ምሳ አቅርቤለት እንኳ ሳይቀምስ ሄደ። ማርታችን ጋምቤላ ኒውላንድ አክስቷ ጋ ሆና ትማራለች። ስትደውል ስላንተ አታነሳም፣ እኔም አላነሳም፣ ስለ ዝናብ አውርተን እንዘጋለን። መጋዝህን ዝገት እየበላው ነው። ልቀባው ብዬ ዘይቱን ይዤ ሄጄ፣ እጀታው ላይ የእጅህን ወዝ ሳየው ተመለስኩ።

ምርጫውም አለፈ። ተሸነፍኩ። ይህን ከሌላ ሳይሆን ከእኔ እንድትሰማው ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት።

ለወረዳ ምክር ቤት በግል ተወዳደሪ ያልከኝ አንተ ነህ። እኔማ ለዕድር ጸሐፊነት እንኳ ተመኝቼ አላውቅም። «አንቺ ምላስ አለሽ፣ እኔ እግር አለኝ፣ ሌላ ምን ያስፈልጋል?» አልከኝ። የምንጠይቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ድልድይ። ጤና ጣቢያውም፣ ትምህርት ቤቱም፣ ገበያውም ከወንዙ ማዶ ሆኖ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር እኛ ከወዲህ ማዶ እንቀራለን። ወላጆቻችን ከወሎ መጥተው እዚህ ሲሰፍሩ ለመንደሩ በስም ፈንታ ቁጥር ተሰጠው፤ ይኸው ዕድሜያችንን በሙሉ ቁጥር ሆነን ኖርን፣ ድልድይ ግን አልተሰጠንም። ይህን እያልኩ ስንጨረጨር ነበር አንተ «ለእኔ ከምትጮሂ ለምን ምክር ቤት ገብተሽ አትጮሂም?» ያልከው።

ምልክታችን መሰላል ሆኖ ሲመጣ ምን ያህል እንደሳቅህ ትዝ ይለኛል። ድልድዩ እስኪሠራ መሰላሉን ወንዙ ላይ አጋድመን እንሻገርበታለን አልክ። ሽማግሌዎቹ ወረቀት ላይ ያለውን ሥዕል አይለዩትም ብለህ የእውነት መሰላል ሠራህ፣ ከባሕር ዛፍ፣ ቀለል ያለ፣ ሰባት መወጣጫ ያለው። አንተ እሱን ተሸክመህ ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ ቤት ለቤት ዞርን። ልጆች የጣራ ሠራተኛ መጣ እያሉ ተከተሉን። የመንደሩን በር ሁሉ የሠራኸው አንተ ነህና፣ እኔ ደጅ ቆሜ ስለ ድልድይ ስናገር አንተ ማጠፊያውን ትፈትሽ ነበር። አንዳንዱ ቤት ንግግሬን ሳልጨርስ መዶሻህን አውጥተህ ትመታለህ። ተናደድኩብህ። በመንገድ ሁሉ ስነጫነጭ እንደተመለስን አስታውሳለሁ፤ አሁን ያ ንጭንጭ ነው የሚቆጨኝ።

ሥራውን እንደተከፋፈልነው፣ መናገሩ የእኔ ሆነ፣ ሰዉን ማስመዝገቡ ያንተ። የምዝገባው ጣቢያ ከወንዙ ማዶ ነበር። የመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ እግሩ ይወዛወዛል ብለው ሲያስጠሩህ፣ በመጀመሪያው ቀን እኔንም ይዘህ ተሻገርክ፤ ጠረጴዛውን አስተካክለህ ሁለታችንም ካርድ ወሰድን። ሌላው ሰው የዘር ወቅት ስለነበር ተነሥቶ ሊሄድ አልፈቀደም። የኛን ሰው ታውቀው የለም? ብቻውን ቢሮ መሄድ ይፈራል፤ ሲሄድም ተጠራርቶ ነው። «ዘራችንን እንጨርስና ካሳው ይዞን ይሻገራል» አሉ። አንተም የመጨረሻው ቅዳሜ ሁላችሁንም ይዤ እሻገራለሁ ብለህ ቃል ሰጠህ።

ቃልህን አልጠበቅህም፣ ካስዬ። ይቅር በለኝ፣ ግን አልጠበቅህም።

ረቡዕ አተኮሰህ። ወባ ነው፣ ይተወኛል አልክ። ሐሙስ ጠዋት ስምህን ስጠራህ ማርታ ብለህ መለስክልኝ። ዝናቡ ከንጋት ጀምሮ ይወርድ ነበር። ጎረቤት ተሰብስቦ ቃሬዛ ሲፈልግ፣ ከግድግዳው የተደገፈው መሰላል ቀረበ፤ ጋቢ አንጥፈውበት በእሱ ተሸከሙህ። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ዳር ላይ ቆምን። ኦጁሉ ከማዶ ሆኖ አየን፣ ውኃው ግን እሱንም የሚያሻግር አልነበረም። ጤና ጣቢያው ይታየናል፣ ቆርቆሮው ይታየናል። ወንዶቹ ትከሻ እየተቀያየሩ እስከ እኩለ ቀን ያዙህ። ውኃው ጎደል ሲል ኦጁሉ ገብቶ ከፊት ያዘህና ተሻገራችሁ፤ ያኔ ግን አንተ ቀድመሃቸው ሌላ ማዶ ተሻግረሃል። መሰላሉ በዚያው ዕለት መልሶ አመጣህ።

ዓርብ ቀበርንህ። ቅዳሜ መንደሩ በሙሉ ድንኳንህ ውስጥ ነበር። እሑድ ሠልስትህ ነበር። አንድ ሰው እንኳ ማሳ አልወረደም፣ አንድ ሰው ገበያ አልወጣም፤ እንዲህ ያለ ለቅሶ በመንደራችን አልታየም ተባለ። እኔም ከኀዘኔ መሐል፣ እንዴት እንደሚወዱህ እያየሁ ኮራሁ። ያ ቅዳሜ የምዝገባው መጨረሻ መሆኑ ለማንም ትዝ አላለም። ለእኔም። ወንዙ ደግሞ ያን ቀን ጉልበት አይደርስም ነበር።

አርባህ ሳይወጣ ከሌን እንደለበስኩ ለቅስቀሳ ወጣሁ። ኀዘንተኛ ቤቷ ተቀምጣ ሰው ይመጣላታል እንጂ ሰው ቤት ትዞራለች እንዴ ብለው ያሙኝ እንደነበር አውቃለሁ። ይሙኝ አልኩ። ወንዙ አንተን ከበላ በኋላ ቤት ልቀመጥ? መሰላሉን ግን መንካት አልቻልኩም፤ ሥዕሉ ያለበትን ወረቀት ብቻ ይዤ ሄድኩ።

በየደረስኩበት በር እጅህን አገኘሁት። ገና ሳንኳኳ ሰዉ ከተቀመጠበት ይነሣል፣ ከሌን ያይና ያለቅሳል። መቀመጫ ይጠረግልኛል፣ እግዚአብሔር ያጥናሽ ይሉኛል፣ ሙስሊሞቹ አላህ ሶብሩን ይስጥሽ ይሉኛል፣ ስለ ድልድዩ ልናገር ስል ስላንተ ይተረክልኛል። ይህን በር ሲሠራ እንዲህ ብሎ ነበር፣ ይህን ወንበር በነፃ ነው የሠራልን። ስወጣ ሁሉም በአንድ አፍ መሰላል፣ መሰላል ነው የምንመርጠው ይላል። እኔ ሞኟ እንባቸውን እንደ ድምፅ ቆጠርኩት። ካርድ አላችሁ ወይ ብዬ አንድ ቤት እንኳ አልጠየቅሁም። ካርዱ ያንተ ሥራ ነበራ። አንተ የጀመርከው ሁሉ ያለቀ ይመስለኝ ነበር።

ያወቅሁት ምርጫው ሊደርስ ሳምንት ሲቀረው፣ እትዬ ዘምዘም ቤት ነው። ጎረቤታችን ዘምዘም፣ እንደ ልጇ የምታይህ፣ የምርጫው ዕለት የምትለብሰውን አዲሱን ሻርፕ አውጥታ አሳየችኝና፣ ካርዱን የሚሰጡን በዚያው ቀን ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ቀስ ብዬ፣ እስካሁን አልወሰዱም እንዴ አልኳት። «ካሳው ይዞን ይሄዳል ብለን እኮ ነው» አለች።

ከዚያ በኋላ ያልሮጥኩበት የለም። ያንኑ በር ሁሉ ዳግም አንኳኳሁ፤ አሁን ጥያቄዬ አንድ ብቻ ነበር። መልሱም አንድ ነበር። ጣቢያው ድረስ ሄድኩ። መዝጋቢው ልጅ ትሑት ነው፣ አንተ ባስተካከልከው ጠረጴዛ ላይ ነበር የተቀመጠው፤ መዝገቡ ተዘግቷል እማማ፣ አዝናለሁ አለኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ አሉ። ጮህኩ፣ ምላስ አለሽ ያልከኝ ሴት፣ እዚያው ደጁ ላይ ስጮህ ዋልኩ።

የምርጫው ቀን ግን የሆነውን ስማ። ካርድ እንደሌላቸው እያወቁ፣ ሁሉም መጡ። ለቀብርህ እንደመጡት። እትዬ ዘምዘም አዲሱን ሻርፕ ለብሳ፣ ሽማግሌዎቹ ከዘራቸውን ይዘው፣ ወንዙን በእግራቸው ተሻግረው ከገመዱ ውጭ ፀሐይ ላይ ቆሙ። ማንም አላስገባቸውም፤ እነሱም አስገቡን ብለው አልተጣሉም። እኔ ብቻዬን ገብቼ ድምፄን ሰጥቼ ወጣሁ። ስወጣ እኔን ለማየት አፍረው አቀረቀሩ። ከመሸነፌ በላይ እሱ ገደለኝ።

ያገኘሁት ድምፅ ከወንዙ ማዶ ካሉት ነው። ኦጁሉ ቤተሰቡን ሰብስቦ አሰልፎ ነበር። «ካሳው የእኛ ሰው፣ መሰላል የእኛ ነው» ብሎ አቀፈኝ። ወንበሩን ያገኘው ሰው በፒክአፕ ላይ ሞንታርቦ ሰቅሎ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በማዶ ያለፈው። በር አላንኳኳም። ልወቅሰው አልችልም፣ በሐቅ አሸንፏል። ድልድይ የሚል ቃል ግን ከአፉ አልወጣም። አምስት ዓመት እንግዲህ። አምስት ክረምት።

ተስፋ አለኝ ብዬ አልዋሽህም። ዛሬ ጠዋት ወንዙ ሞልቶ አየሁት፣ የእነ ዘምዘም ምራትም እርጉዝ ናት። መሰላሉን ከቤቱ ኋላ ከነጋቢው አስቀምጬዋለሁ። ልሰብረው አልቻልኩም፤ ነገ ለማን እንደሚያስፈልግ አላውቅማ።

የሚመጣው ምዝገባ ሲከፈት በየበሩ ዞሬ ይዣቸው እሻገር እንደሆነ አትጠይቀኝ፤ ዛሬ ያ ጉልበት የለኝም። የምችለውን ብቻ ቃል ልግባልህ። የሠራኸውን በር ሁሉ የማን እጅ ሥራ እንደሆነ፣ የትኛውን ማጠፊያ በየትኛው ቀን እንደመታህ፣ ሲያልፍ ለሚያየው ሁሉ እናገራለሁ። በየደጁ ያፋጠንኩህን፣ የተነጫነጭኩብህንም አልረሳም።

የመራጭ ካርድህን ከሸሚዝህ ኪስ አገኘሁት፣ ዝናቡ ዳርና ዳሩን ነካ አድርጎታል፣ ስምህ ግን ይነበባል። ከመንደራችን ሰው ሁሉ ከእኔ ሌላ እኔን ሊመርጠኝ የሚችል ካርድ የነበረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም አንተ ነህ። ካርድህ እኔ ጋ ነው። እስካለሁ ድረስ እኔ ጋ ይቆያል።

የሺህ