በስኳር ዕቃው ውስጥ የተገኘችው ሽቦ

ለወንድሜ፣

እንዴት ከርመሃል? ባለቤትህን ጉንፋኑ ለቀቃት? እኛ ደህና ነን። አባባም ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል፣ ከሬዲዮኑ ጋር ይጨቃጨቃል። ሁሉም ደህና ከሆነ ምን አስጻፈሽ ብትል፣ አባባ ፈተናውን ጨርሷል።

ፈተና ማለቴ ቅር ካለህ ሌላ ስም ፈልግለት፤ እኔ አጥቼለታለሁ። የጋዝ ምድጃውን ለኩሶ መርሳቱንና ከዳቦ ቤት ሲመለስ ቤቱ ጠፍቶት መዋሉን አንስተህ፣ «አንቺ ሥራ ስትውዪ ብቻውን መዋል አይችልም፤ እኔ ጋ ይምጣ፣ ቤቱም ይከራይ» ብለህ ጻፍክ። ቀጥለህ ያቺን ድሮ በጭቃና በዳገት ትጋልባት የነበረችውን ሞተር ሳይክል አነሳህ። ሞተሯን ፈትተህ በካርቶን ትተሃት ነው የሄድከው። አባባ ራሱ ገጥሞ ካስነሳት ሁለተኛ ይህን ጉዳይ አላነሳም አልክ። ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ የጨረሰን ሰው በዚህ መፈተንህ ትንሽ ገርሞኛል። ለማንኛውም ነገርኩት። «ካርቶኑን አምጪው» አለ።

የምግብ ጠረጴዛው ጋዜጣ ተነጥፎበት ጋራዥ ሆነ። እኛ ሳህን ጭናችን ላይ አድርገን እንበላለን። ዕቃዎቹ በፓስታ ድስቴ ውስጥ በቤንዚን ታጠቡ። ቤቱ ቤንዚን ቤንዚን ስለሚል ክብሪት መጫር ተከለከለ፤ የምድጃው ችግር በዚሁ ለጊዜው ተፈታ። በታዛቢነት የመደብካቸው ጎረቤታችን ጋሼ ዳኛ በየቀኑ እየመጡ ወንበራቸው ላይ ይተኛሉ። አባባ፣ ችሎት ላይም ልማዳቸው ነበር ይላል።

እጁን ብታየው። ፋሻ የሚባሉትን ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ፒስተኑ ላይ ሲያስገባ ለሕፃን ካልሲ የሚያጠልቅ ነው የሚመስለው። የዕቃዎቹ ስም ግን ይጠፋዋል። ካቻቪቴው «ያ እንትን» ሆኗል፣ ካንዴላውም «ያ እንትን» ሆኗል። እኔን ባንተ ስም ይጠራኛል። «መፍቻውን አቀብለኝ» ሲለኝ አቀብለዋለሁ። ድሮም አንተ ስትጋልብ መፍቻ አቀባይ እኔ ነበርኩ፤ ሹመቱን የነሳኝ የለም።

ገጠመና ጨረሰ። የመጨረሻውን ብሎን አጥብቆ እጁን ታጠበ፤ ጋሼ ዳኛም ነቅተው ሥራው መጠናቀቁን መሰከሩ። የማስነሻው ቀን ለቅዳሜ ተቆረጠ።

በማግስቱ ጠዋት ሻዬ ላይ ስኳር ልጨምር ስል፣ ስኳር ዕቃው ውስጥ የጥፍር ቁራጭ የምታክል ክብ ሽቦ አገኘሁ። አንተ ታውቃታለህ፤ የፒስተኑን ፒን ከጫፍ ይዛ እንዳይወጣ የምትከለክለው ናት። እሷ ከሌለች ሞተሩ መነሳቱን በደስታ ይነሳል፤ ጥቂት ቆይቶ ፒኑ ሾልኮ ሲሊንደሩን ይበላዋል። አባባ እንዳትጠፋ ብሎ ደህና ቦታ አስቀምጧት ነበር። እውነቱን ለመናገር፣ አልጠፋችም።

ቅዳሜ ጠዋት አባባ ፀጉሩን ሊቆረጥ ሄደ። ፀጉር አስተካካዩን አትረሳውም፤ ወሬው ሳያልቅ የተቆረጠው መልሶ ያድጋል። እኔ ቤት ውስጥ የምሠራው ነገር ስለነበረኝ አብሬው አልሄድኩም። ሲመለስ ምሳ አልደረሰም፤ ስኳር ዕቃው ውስጥ ግን ስኳር ብቻ ነበር። የቀኝ አውራ ጣቴ ጥፍር ተሰብሯል፣ አቧራ ስጠርግ ነው። የመለዋወጫ ሱቁ ሰውዬ ሰላም ብሎሃል፤ የሞተር ክዳን አንዴ ከተከፈተ አዲስ ማሸጊያ ጉርኒሲዮን ሳይገባበት እንዳይዘጋ ይላል። ለምን እንዳነሳብኝ እንጃ።

ሞተሩን ወደ ግቢ አውጥተን ሞተር ሳይክሏ ላይ አሰርነው። አባባ ከመርገጡ በፊት ቁጢጥ ብሎ ብሎኖቹን አንድ በአንድ በጣቱ ዳሰሰ። አንዱ ጋ ሲደርስ ቆየ። ከዚያ ቀና ብሎ አውራ ጣቴን አየ።

ረገጣት፤ አሳላት። ደገማት፤ ተነሳች። ግቢው በጭስ ተሞላ፣ ጋሼ ዳኛ ከወንበራቸው ሊወድቁ ሲሉ ተረፉ፤ እንደተነሱም አባባ ፈተናውን ማለፉን አወጁ። አባባ ጆሮውን አዘንብሎ ብዙ አዳመጣት። ሲያጠፋት ወደ እኔ ዞሮ ባንተ ስም ሳይሆን በገዛ ስሜ ጠራኝ።

«ለወንድምሽ ጻፊለት» አለ። «ያየሽውን ተይው። የሰማሽውን ብቻ ጻፊ።»

ከዚያ ካቻቪቴውን ይዞ ወደ ኩሽና ገባ። የምድጃውን ማዞሪያ ቁልፍ ነቅሎ መጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ። ሥራ ስትሄጂ ይዘሽው ሂጂ፣ ስትመጪ ትመልሺዋለሽ አለኝ። ከዚያ ሬዲዮኑን ከፈተ። ቁልፉ ይኸው ቦርሳዬ ውስጥ ነው፤ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መጽሐፍ ሳውስ ከእስክርቢቶዬ ጋር እየወጣ ያስቸግረኛል።

ስለዚህ ያዘጋጀህለትን ክፍል ለሌላ ጉዳይ አውለው። ቃልህን ታከብራለህ ብዬ አምናለሁ፤ ዳኛም አለ።

የሰማሁትን ልጻፍልህ። ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ማንኳኳት የለውም፣ መንቀጥቀጥ የለውም። የሰማሁት ይኼን ነው።

ላንተም ለባለቤትህም ጤና ይስጥልን፤ ጎማችሁ አይተንፍስ፣ መንገዳችሁ አይጥፋባችሁ።

መፍቻ አቀባይ እህትህ