የሳቁብኝ ይመስክሩልኝ

ሙልታን ላሉት ለአባቴ፤

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎ ተሻለው? የእማዬ ዓይንስ ከቀዶ ጥገናው ወዲህ ደህና ያያል? የጓሮው ማንጎ ዘንድሮ አፈራ? እኔ፣ አልሐምዱሊላህ፣ በአካል ደህና ነኝ። ልቤን ግን አይጠይቁኝ።

አባቴ፣ ፍርድ ቤት ተረታሁ። ሹዐይብ በኒካሁ ወረቀት ላይ መህሬ፣ የጋብቻ ጥሎሼ፣ ብሎ የጻፈልኝ ቤት ለእሱ ተፈረደለት።

እዚህ ካንሳስ ዳኞች በውጭ አገርና በሃይማኖት ሕግ እንዳይፈርዱ የሚከለክል ሕግ ዓምና ወጥቷል። ሕጉ ሲረቀቅ ሹዐይብ አብሮኝ ሰልፍ ወጥቶ፣ «ኒካሃችን ማንን ጎዳ?» የሚል ጽሑፍ ተሸክሞ ነበር። ፈትቶኝ ቤቱን ስጠይቀው ያንኑ ሕግ ጋሻ አደረገው። ጠበቃው «ይህ የሸሪዓ ወረቀት ነው» አለ። እኔም «ሃይማኖቱን ተዉት፤ ሁለት አዋቂ ሰዎች የተዋዋሉት ውል ነው፤ አንብቤ ፈርሜያለሁ» አልኩ። ዳኛዋ ብዕሯን አስቀምጣ አዳመጠችኝ። ያሸነፍኩ መስሎኝ ነበር።

ያን ጊዜ ጠበቃው የእርስዎን ደብዳቤ አወጣ። ፊርማዎን ከሩቅ ለየሁት። «ልጄ ወረቀቱን አላነበበችም። መህሩ የሃይማኖት ወግ እንጂ ውል አይደለም» ይላል። ለእህትዎ ልጅ ለሹዐይብ ብለው ነው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ የሚባለው ለካ እውነት ነው።

አላነበበችም? ሙሽራ ዓይኗን ሰብራ በምትፈርምበት ሰዓት እኔ ዓይነ ርግቤን ገልጬ መነጽሬን አምጡልኝ አልኩ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ። የእማዬ እህት ቢልቂስ፣ «ኧረ ጉድ፣ ይህቺ ልታገባ ነው ወይስ ልትፈተን?» አለች። እርስዎም በር ላይ ቆመው፣ «ቶሎ ጨርሺ፣ አታሳፍሪኝ» ብለውኛል። ምኑን ነበር የምጨርሰው፣ አባቴ?

ይግባኝ ብያለሁ። ለአክስቴ ቢልቂስ ደውዬላት፣ «ስቄብሻለሁ፤ መሳቄንም እመሰክራለሁ» አለችኝ። ሌሎች ሁለት ሴቶችም ቃላቸውን ጽፈው ፈርመዋል። እርስዎም እውነቱን በአንድ መስመር ይጻፉልኝ። ካልጻፉ ደግሞ የሳቁብኝ ይበቁኛል።

እማዬን ዓይኗን ይሳሙልኝ። ወንድሜን ታንቪርን ሰላም ይበሉልኝ። አክስቴን ቢልቂስን ሁለቴ ይሳሙልኝ። ለእህትዎ ሰላምታ የለኝም። ታናሼ ሚስባህ በዲሴምበር ኒካህ ልታስር ነው አሉ። ብዙ ሴቶች ይጥሩላት። ወረቀቱን ጮክ ብላ ታንብብ፤ ይሳቁባት።

ልጅዎ ጋዛላ
ዊቺታ፣ ካንሳስ፣ ኦክቶበር 14 ቀን 2013