በሁዳዴ የተሰቀለው ነጭ ዘይት

ለምናፍቅህ ታናሽ ወንድሜ ለደጀን፤

እንደምን ከርመሃል? የሞያሌ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? ያ የሚያስቸግርህ ጨጓራስ ተሻለህ? እኛ የጉና ብርድ ቢያንቀጠቅጠንም ተመስገን፣ አለን። አባባ ግን ሆስፒታል ተኝተውብናል፤ አትደንግጥ፣ ክፉው አልፏል።

አንጀታቸው ታጥፎ ከጋሳይ ደብረ ታቦር አድርሰናቸው ኦፕራሲዮን ሆኑ። ቁስሉ እስኪጠግግ ድረስ በአፋቸው ምንም ስለማይቀምሱ ምግባቸው የሚገባው በደም ሥር ነው። ለቅባቱ ከአኩሪ አተር ብቻ የተሠራ አለ፣ የወይራና የዓሣ ዘይት የተቀላቀለበትም አለ፤ ዶክተሩ ለእሳቸው ቅይጡ ይሻላል ብሎ መረጠ። ሲሰቀል ለካ ቁርጥ ወተት ነው! አባባ ዓይናቸውን ገልጠው ሲያዩት፣ በሁዳዴ ወተት አልጠጣም፣ ንቀሉልኝ ብለው እጃቸውን ሰበሰቡ።

ዘይት ነው ብንላቸው ከምን እንደተጨመቀ ጠየቁ። ኑግ ወይ ተልባ ቢሆን ምን ነበረበት! ዶክተሩ መዋሸት አያውቅም፤ ዓሣ እንዳለበት፣ ዘይቱን ከውኃ የሚያዋሕደውም የእንቁላል አስኳል እንደሆነ፣ የአኩሪ አተሩም ከዚህ እንደማያመልጥ ነገራቸው። የንስሐ አባታችን ቄስ ዘውዱ መጥተው ለታመመ ሰው ጾም የለበትም ቢሏቸው፣ የታመመው አንጀቴ እንጂ እኔ መቼ ታመምሁ ብለው መለሱላቸው። ሳቄ መጣ፤ ክንዳቸው ጭራሮ ማከሉን ሳይ ግን እንባዬ ቀደመኝ።

አጠገባቸው ተቀምጬ የልጅነታችን ሁዳዴ ድቅን አለብኝ። እማዬ ተልባ ስትወቅጥ፣ እኛ አባባ ከቅዳሴ እስኪመለሱ ስንነጫነጭ፣ አንተ ጓዳ ገብተህ ከቅሉ ቅቤ ስትልስ! ያ ቤት፣ ያ የተልባ ሽታ እንዴት እንደናፈቀኝ። ማንም አላወቀብህም ብለን ነበር።

ለካ አባባ ያውቁ ኖሯል። ትናንት አሰቡ አሰቡና፣ ያን ጊዜ የደጀንን ከንፈር በጋቢዬ ጠርጌ ለእናቱ ሳልናገር ደብቄዋለሁ፤ አሁን የቀረኝን ጾም እሱ ይጹምልኝ፣ እኔም ዘይቱን እቀበላለሁ አሉ። ስልክህ አልገባ ሲለኝ ይጾማል ብዬ ስለ አንተ ቃል ገባሁ። ያን ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ። አሁን ነጩ ዘይት እየወረደላቸው፣ እሳቸውም ክንዳቸውን እንደዘረጉ እንቅልፍ ወስዷቸዋል። እንግዲህ ወንድሜ፣ ይህ ወረቀት ሲደርስህ እጅህ ላይ እንቁላል ፍርፍር ቢኖር አስቀምጠው። አደራ፣ አታሳፍረኝ።

እማዬ ጉንጭህን ትስማለች። ባለቤቴ ይሻውና ልጄ እመቤት ሰላም ይሉሃል፤ ቄስ ዘውዱ ይባርኩሃል። ለባለቤትህ ለሸዋዓለም ሰላምታዬን አድርስልኝ። አባባ ግን ሰላምታ አልላኩም፤ ጾሙን ይዞ ይምጣና አብረን እንፈስካለን ብለዋል።

እኅትህ ፈንታነሽ
ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 12 ቀን 2015 ዓ.ም.