ትርፉ ሳህን

ጋሼ፣
ተረኛ ስለሆንኩ ወጣሁ። ስጎው ድስቱ ውስጥ አለ፤ አሙቀህ ፓስታው ላይ አድርግላቸው። ካሮትና ቆስጣ አድቅቄ ፈጭቼበታለሁ፤ እንዳይነቁብህ ልጆቹ ፊት አታማስለው።

ዘዴው የእህቴ ነው፣ ነፍሷን ይማርና። አንተ «ልጆቼ ምግብ አይመርጡም» እያልክ ለሰው ስታወራ፣ እሷ ወጥ ቤቱን ዘግታ ትፈጭ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ጠይቀሃት አታውቅም።

ትናንት ትንሿ አንዴ ጎረስ አድርጋ «እማዬ ከመንገድ ተመለሰች?» አለችኝ። ምላሷ የእናቷን እጅ አልረሳም። እኔም እንደ ፈሪ «ብዪ» ብቻ አልኳት። ለዚህ ይቅር በለኝ።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ትርፍ ሳህን ለእናቷ ብላ ያስቀመጠችው እሷ ናት። ላነሳው ብል እጄ እምቢ አለኝ።

መንገድ ሄዳለች ያልካት አንተ ነህ።
ሳህኑን ከማንሳትህ በፊት ንገራት።