ቀይ ክር ያለባቸው ካርዶች

ሐሙስ፣ ወሩ በገባ በ14ኛው ቀን
ከሆስፒታሉ ካርድ ክፍል

የምወድሽ እማዬ፣

ጤናሽ እንዴት ነው? ወገብሽስ ተሻለሽ? እኔ ደህና ነኝ፤ ንዴቴ ግን ልክ የለውም።

ስለ እትዬ መደርደሪያ ጽፌልሽ አላውቅም። ካርድ ክፍል ሃያ ሁለት ዓመት የሠሩ ሴትዮ ናቸው፤ በስማቸው የሚጠራቸው የለም። እኔ ደግሞ በዲግሪዬ ተኩራርቼ፣ ካርዱን ሁሉ ኮምፒውተር ላይ ላስገባ የተቀጠርኩ ነኝ። አንዳንዱ ካርድ ጥጉ ላይ ቀይ ክር ታስሮበታል። ካርዱን ለሚያነሳው ስካነር ስላልተመቸኝ፣ እሳቸው ፈቃድ ላይ ሳሉ ማንንም ሳልጠይቅ ክሩን ሁሉ በመቀስ ቆራርጬ ጣልኩት።

ለካስ ክሩ ፔኒሲሊን የማይስማማቸው ሰዎች ምልክት ኖሯል። እትዬ የሐኪሞቹን የተጫጫረ ጽሑፍ እያነበቡ፣ ማንም ሳያዛቸው የሚያስሩት ነው። ዶክተሮቹ ክሩን ሲያዩ ይጠነቀቃሉ፤ ማን እንዳሰረው ግን ጠይቀው አያውቁም።

ማክሰኞ ከፈቃድ ሲመለሱ፣ የአንድ ልጅ ካርድ ያለ ክር ወደ ላይ ሲሄድ አዩ። ደረጃውን ሁለት ሁለት እየዘለሉ፣ ነርሷ መርፌውን እንደያዘች ደረሱባት።

«ቆይ እህቴ፣ ይሄ ልጅ ክር ነበረው» አሏት።

ልጁ ተረፈ። እኔን አልተቆጡኝም፤ መቀሱን ከጠረጴዛዬ አንስተው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት፣ በቃ። አሁን አብረን መልሰን እያሰርን ነው፤ የትኛው ካርድ እንደነበረ የሚያስታውሱት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ምስጋናው ምን ሆነ መሰለሽ? ኮምፒውተር ስለገባ ሰኞ ወደ በር ፍተሻ ይዛወራሉ። እኔ ግን ካርዱን ኮምፒውተር ላይ ስላስገባሁ፣ ነገ በሠራተኞች ስብሰባ ላይ የምስክር ወረቀት ይሰጠኛል። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሳምንት እንደቀረው እያወቅኩ፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብቼ ጥፋቴን ዘረገፍኩት።

«ግልጽነትሽን አደንቃለሁ፤ እሱንም እንጠቅስልሻለን» አለኝ።

ግድግዳ ማናገር ይሻላል። ስለ ሴትዮዋ ስነግረው፣ የሥራ ዝርዝራቸው ላይ ክር ማሰር የሚል የለም አለ። እትዬም ተይው ልጄ፣ በእኔ ምክንያት ሥራሽን እንዳታጪ ይሉኛል። አልተወውም። ነገ ስጠራ ወጥቼ፣ ወረቀቱ የእሳቸው ነው ብዬ የሠሩትን ሁሉ ከጻፍኩት ላይ አነባለሁ። ሁለት ገጽ ሞልቷል።

ስጽፍ ግን አንድ ነገር ከነከነኝ። ስለ አንቺ ጻፊ ቢሉኝ፣ «ልብስ ትሰፋለች» ከሚለው አላልፍም ነበር። መልስ ስትጽፊልኝ የሥራ ቀንሽን ንገሪኝ፣ ከጠዋት ጀምረሽ፣ ምንም ሳታስቀሪ።

ድንገት ሻንጣዬን ይዤ ብመጣ አትደንግጪ። ዓይንሽን ይጠብቅልኝ፣ ጉልበትሽን ያጽናልኝ።

ያንቺው ቀዥቃዣ