የሰዓሊው ዝምታ

ጥር 5
የዛሬዋ እንግዳ ገጣሚ ነበረች። ባለፈው ሳምንት የሴቶች መብት ተሟጋች፣ ከዚያ በፊት ደራሲ... ሁሉም ስለ ነፃነት አወሩ፣ ሁሉም ውሃ ጠየቁ። የሬዲዮ ፕሮግራሜን ስጀምር ተራማጆቹን ለሕዝብ አስተዋውቃለሁ ብዬ እንቅልፍ አልነበረኝም። አሁን የምፈልገው እንቅልፍ ብቻ ነው።

እህቴ ምሳ ላይ፣ «ለመሆኑ ማን ይሰማችኋል?» አለችኝ።
«አንቺ።»
«እኔማ ሥጋዬ ሆነሽብኝ ነው።»

ጥር 8
ዛሬ አንድ ሽማግሌ ሰዓሊ መጡ። በወጣትነታቸው ከባልንጀራቸው ጋር ለተቃውሞ ሰልፍ የሚያዙ ሥዕሎችን ይሠሩ ነበር። ሁለቱም ታሰሩ። እሳቸው «ሁለተኛ አልሥልም» ብለው ፈርመው ወጡ። ባልንጀራቸው እምቢ አለ፤ እዚያው ሞተ።

«ይቆጭዎታል?» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ወንበሩ ሲጢጥ አለ። ኮፍያቸውን ከጭናቸው አንስተው መልሰው አስቀመጡት። ከመስታወቱ ማዶ ቴክኒሻናችን እጁን አወናጨፈብኝ፤ በይ እንጂ! አፌን ልከፍት ስል፣
«ምን ላድርግ፣ ልጆች ነበሩኝ» አሉ።

ሲሄዱ ቴክኒሻኑን «ዝምታውን ቆርጠህ አውጣው» አልኩት። ልጁን በቅጽል ስሙ መቀስ ነው የምንለው። ሁልጊዜ እናወጣዋለን። ዝምታ ከረዘመ ማሰራጫው ላይ ያለው መሣሪያ ጣቢያው የተቋረጠ ይመስለውና በራሱ ሙዚቃ ያስገባል። እሱን ደግሞ ወሬኛው እንለዋለን።

ጥር 11
ተላለፈ። አልሰማሁትም... ደክሞኝ ተኛሁ።

ጥር 12
ሰዓሊው ደወሉ። የባልንጀራቸው ሚስት ጎረቤታቸው ናት። በዚህ ሁሉ ዘመን ክፉ ተናግራቸው አታውቅም። ዛሬ ጠዋት «እንደምን አደርሽ» ሲሏት ፊቷን አዙራ ገባች።
«ልጄ፣ እኔ እንደዚያ ነው እንዴ ያልኩት?»
«ቃልዎን አልነካነውም» አልኳቸው።

ስልኩን ዘግቼ የተላለፈውን ሰማሁት። ይቆጭዎታል? ምን ላድርግ፣ ልጆች ነበሩኝ። ቱር ብሎ! ተዘጋጅቶ የቆየ ሰበብ ነው የሚመስለው። ሰውዬው እኮ እፊቴ ስንት ነገር ሲውጡ አይቻለሁ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የመቀስ ወለምታስ በምን ይታሻል?

ጥር 13
ሙሉውን ቅጂ ወስጄ ለሴትዮዋ ላሰማት? «በር አትከፍትም» አሉኝ ሰዓሊው። «ደግሞ ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል። ሬዲዮዋን ግን ትከፍታለች፤ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል።»

አለቃዬ ዘንድ ገባሁ።
«ይደገም? ለዝምታ ብለሽ? ሰው ሬዲዮ የሚከፍተው ዝምታ ፍለጋ ነው?»
«መልሱ እኮ እሱ ነበር።»
«ወሬኛውን ብትነኪ ፕሮግራምሽን እርሺው።»

እውነቱን ለመናገር ፕሮግራሙ ቢቀር ደስ አይለኝም ነበር? ማረፍ አይደል የምፈልገው? ታዲያ ለምን ሆዴ ባባ...

ጥር 18
አደረግነው። መቀስ «የቆረጥኩት እኔ፣ የምነቅለውም እኔ» ብሎ የወሬኛውን ገመድ ነቀለ።

«ባለፈው ሳምንት የእንግዳችንን ዝምታ ቆርጠን ጥለን ነበር። ጥፋቱ የእኔ ነው። ይኸውና» አልኩ። ጥያቄዬ ተሰማ። ከዚያ ወንበሩ። ትንፋሻቸው። ምራቃቸውን ሲውጡ። አለቃ በሩን ደበደበ፤ አልከፈትንም። መቀስ አቀርቅሮ ሰከንዱን በጣቱ ይቆጥራል። በመጨረሻ፣ «ምን ላድርግ፣ ልጆች ነበሩኝ።»

ያው ቃል ነው። ግን እንባዬ መጣ።

ጥር 19
ፕሮግራሙ ታጠፈ። ከነገ ጀምሮ የአየር ሁኔታ አንባቢ ነኝ። መቀስ በማስጠንቀቂያ ተረፈ፣ ተመስገን።

እህቴ፣ «ሬዲዮው የተበላሸ መስሎኝ በጥፊ አልኩት» አለችኝ። «ኋላ ሰውዬው ሲተነፍስ ሰማሁና እጄን ሰበሰብኩ።» ከዚያ በኋላ «ሥጋዬ ሆነሽብኝ ነው» አላለችም።

ጥር 22
«ደመናማ ሆኖ ይውላል» ብዬ ወጣሁ። ሰዓሊው ደወሉ።
«መጣች።»
«ገቡ?»
«አልገባችም። ደጃፌ ላይ ቆመች።»
«ምን አሉዎት?»

ዝም አሉ። ድሮ ቢሆን «ሃሎ? ሃሎ? ይሰማል?» እል ነበር። ኮሪደሩ ላይ ሰው ይመላለሳል፤ ግድግዳውን ተደግፌ፣ ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንዳደረግኩ ጠበቅኳቸው። ትንፋሻቸው ይሰማኛል።

«‹ሰማሁህ› አለችኝ» አሉ።